የተገዘተ ክንድ

ሽታው ነው ቀድሞ የያዘኝ። ወጣቷ ነርስ የስፒሪቱን ጠርሙስ ከፍታ ጥጥ ስታርስ ሽታው በኮሪደሩ ሙሉ ተነዛ፤ እኔም ከአግዳሚው ወንበር ብድግ አልኩ። ማንም ተነሺ አላለኝም፤ ጉልበቴ ነው በራሱ ፈቃድ የተነሣው። «አዴ አስካለ፣ ተቀመጡ እንጂ፤ መርፌው ለእርስዎ አይደለም» ብላ ፈገግ አለች። ሲስተር ጫልቱ ትባላለች፤ ያስተማርኳቸውን ልጆች ልጅ ታህላለች። ለእኔ አለመሆኑንማ አውቃለሁ። ለቶሎሳ ነው። ቶሎሳ ባለቤቴ ነው፤ ከበሩ ወዲያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ በሁለት ጣቱ ከአየር ላይ ክር ይለቅማል። ክር ግን የለም። እንዲህ ሲለቅም ሳየው በሕይወቴ ሁለተኛዬ ነው፤ በመጀመሪያው ጊዜ ሊሞትብኝ ምንም አልቀረውም ነበር። እና ፈራሁ። ሌላ ምን ልበል፣ ፈራሁ።

ይህ ቦታ ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር ውስጥ ከተከፈተ ገና ብዙ አልቆየም። አእምሮው ለተናወጠበት፣ ከመጠጥና ከጫት ከክኒንም መውጣት አቅቶት ለተጨነቀ ሰው የተዘጋጀ ነው። ሲስተር ጫልቱ እንደገባን አስቀምጣ አስረዳችኝ። መንቀጥቀጡን የሚያበርድ መድኃኒት በየሰዓቱ እየታየ ይሰጠዋል፤ ቀስ በቀስም ይቀነስለታል። ቫይታሚን በግሉኮስ ይገባለታል። ሲረጋጋ ከአማካሪ ጋር ይነጋገራል፤ ከመጠጥ የወጡ ሰዎች ተሰብስበው የሚጫወቱበት ክፍልም አለ፤ ቤተሰብ ደግሞ ለብቻው ይጠራል። «ቤተሰብ ምን አደረገ?» አልኳት። «ቤተሰብም ይታመማላ፣ አዴ» አለችኝ። ግድግዳው አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፤ ከአጠገቤ አንድ አባት የጎረምሳ ልጁን እጅ አጥብቆ ይዞ ተቀምጧል፤ ማዶ ያለችው ሴት ከየት እንደመጣች አላወቅሁም፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ትደነግጣለች። ዘንድሮ ወለጋ ውስጥ በር ሲንኳኳ የማይደነግጥ ሰው ካለ እኔ አላውቀውም። እኔም እዚያ ቆሜ፣ ጥጡን እያየሁ፣ ወደ ኋላ ሄድኩ።

ያን ጊዜ ነቀምቴ ሌላ ነበረች፤ ወይም እኔ ሌላ ነበርኩ። ዘመኑን ልጥራ ብል ማን ወርዶ ማን እንደወጣ ላይ ከቶሎሳ ጋር መከራከሬ ነው፤ ስለዚህ ልተወው። እኔ የማስታውሰው ቴትሮን ሱሪ ከታች ሰፍቶ የሚለበስበትን፣ የመንግሥት ሠራተኛ ካኪ ኮት ለብሶ እስክሪብቶ ደረቱ ላይ የሚሰካበትን፣ እኛ አስተማሪዎቹ ደግሞ ከጉልበት ዝቅ ያለ ጉርድ አሰፍተን በዝናቡ ጭቃ ውስጥ በፕላስቲክ ጫማ የምንራመድበትን ጊዜ ነው። የነቀምቴ ክረምት ጫማም ጸጉርም አያከብርም። ቶሎሳ ልብስ ሰፊ ነበር። ከጉራጌ አገር መጥቶ በከተማው የከበረው ጋሽ ከማል ጨርቃ ጨርቅ መደብር ነበረው፤ ከእኛ ከወሎዬዎቹ ይልቅ ኦሮምኛው የጠራ ነበር። በእሱ በረንዳ ላይ ቶሎሳ በእግር የሚረገጠውን መኪናውን ዘርግቶ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ፣ ከመደብሩ ሬዲዮ የሚወጣውን ዘፈን እየተከተለ ይሰፋል። ሱሪ ለማሰፋት ያን ጊዜ ይከፈል በነበረው ብር ዛሬ የሱሪው ቁልፍ አይገዛም። እኔ የሄድኩት ጉርድ ላሰፋ ነበር። ሳይለካኝ በዐይኑ ብቻ አይቶ ቆረጠው፤ ልክ ሆነ። እንዲህ ያለ ደፋር ሰው አላገባም ብዬ ነበር፤ አገባሁት።

ከመናኸሪያው ወደ ገበያ ስትወርዱ፣ ባሕር ዛፎቹ ጋ ስትታጠፉ፣ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ካቲካላ የምትሸጥባት ቤት ነበረች። በሯ ላይ የአበባ መጋረጃ ተሰቅሏል፤ መለኪያዎቹ ጠርዛቸው የተሸራረፈ ነው። ቶሎሳ መጀመሪያ ሥራ ሲፈታ ጎራ ይል ነበር። ኋላ በምሳ ሰዓት ሆነ። በመጨረሻ ጠዋት መኪናው ጋ ከመቀመጡ በፊት አንድ መለኪያ ካልደገመ ክሩ በመርፌው ቀዳዳ አልገባለት አለ። ሰው ሰክሮ ስፌቱ ይጣመማል፤ የኔው ሳይጠጣ ነበር የሚጣመምበት። አይማታም፣ አይሳደብም፤ ቤት መጥቶ ገና ጡት ያልጣለችውን ልጃችንን ሌሊሴን ታቅፎ ያለቅሳል። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር ብዬው አውቃለሁ። የሰው ኮት ጠፋበት፤ የሰው ጨርቅ አበላሸ፤ ጋሽ ከማልም እየራራለት መቆጣት ጀመረ።

እናቴ ወሎዬ ናት፤ ጉዳይ ካየች አትተኛም። «አንቺዬ፣ ይሄን ሰውዬሽን እኮን በምክር አታድኝውም፤ መገዘት ነው» አለችና የነፍስ አባቷን ቄስ ታደሰን ከከተማው አጠገብ ከጉቶ ጊዳ አስመጣቻቸው። ቶሎሳም እሺ አለ፤ እሱም ደክሞት ነበር። ቄስ ታደሰ ብዙ ጠጪ ገዝተው ብዙ ብልጠት ያዩ ሰው ናቸው። አንዱ አልጠጣም ብሎ በዳቦ ነክሮ በልቷል፤ ሌላው ጥርሴን አመመኝ ብሎ ተጉመጥምጧል፤ አንዱ ደግሞ ቁርጥማት ነው ብሎ እየታሸ ሽታዋን ሲምግ ውሏል። ስለዚህ የእሳቸው ግዝት ቀዳዳ የለውም። የቶሎሳን ቀኝ እጅ በሌሊሴ አናት ላይ አስጫኑና መስቀላቸውን ከፍ አድርገው «በአፍህ እንዳትቀምስ፣ በእህል ነክረህ እንዳትበላ፣ ገላህን እንዳታስነካ፤ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን ገዝቼሃለሁ!» አሉ። ቶሎሳም «ባፈርስ ይህችን ልጅ ይንሳኝ» አለ። ሌሊሴ እየሳቀች ጣቱን ትጎትታለች። እኔም ደስ ብሎኝ እልል አልኩ።

መለኪያ አልነካም። በማግስቱ ላብ አጠመቀው፤ ጥርሱ ይንገጫገጭ ጀመር። እናቴ «እየወጣለት ነው» አለች። ከዚያ ክር መልቀም ያዘ። ከግድግዳው፣ ከብርድ ልብሱ፣ ከእኔ ጸጉር ላይ እየመዘዘ በጣቱ ይጠቀልላል። «አስካለ፣ ቀዩን ያዢልኝ፣ እንዳይጠላለፍ» ይለኛል። እናቴ አሁን ሌላ ቃል አመጣች፤ ሰይጣን ነው፣ ጸበል ይወሰድ አለች። እየተከራከርን ሳለ ዐይኑ ወደ ላይ ተገለበጠና መሬት ላይ ወድቆ ተንዘፈዘፈ። አረፋ ደፈቀ። ጋሽ ከማል ጩኸቴን ሰምቶ መደብሩን ሳይዘጋ ሮጦ መጣ፤ ከጎረቤት ጋር ሆነው በቃሬዛ ተሸክመው ሆስፒታል አደረሱት። እኔ ሌሊሴን አዝዬ በዝናብ ከኋላ እሮጣለሁ፤ የሚታየኝ ከቃሬዛው ውጭ የተንጠለጠለው እጁ ብቻ ነበር።

የዚያን ጊዜ የአእምሮ ሕክምና ማለት በግቢው ጓሮ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ በአንድ ነርስ ትሠራለች። ነርስ ደበላ አዲስ አበባ ሄዶ የተማረ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። ስንት ጊዜ እንደሚጠጣ፣ መቼ እንዳቆመ ጠየቀኝና «ሰይጣን አይደለም። ሰውነቱ አረቄውን ለምዶ በአንዴ ስለተነጠቀ ነው። መርፌ ከተሰጠው ይረጋጋል፤ ካልተሰጠው ግን እንደገና ይጥለዋል፤ አንዱ መውደቅ መጨረሻው ሊሆን ይችላል» አለኝ። ስፒሪት የነካ ጥጥ አንሥቶ ክንዱን ሊጠርግ ሲጠጋ ቶሎሳ አሸተተው።

ያን ጩኸት እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። «አረቄ ነው! ገላዬን ሊያስነኩኝ ነው! ልጄን! ልጄን!» እያለ አልጋውን ገለበጠ። ነርስ ደበላ ወዲያው ጥጡን ጥሎ በውሃና በሳሙና አጠበው፤ ግን ወዲያ ማን ይመነው፤ መርፌው ውስጥ ያለችውም እሷው አረቄ ናት አለ። ቢይዙትም ይፈናጠራል። ነርስ ደበላ ወደ ጎን ወሰደኝ፤ ስለ ግዝቱ ነገርኩት። «በኃይል አንዴ ልንወጋው እንችላለን። መድኃኒቱ ግን በተደጋጋሚ የሚሰጥ ነው፤ እንዲህ በታገለ ቁጥር ልቡን ነው የምንጨርሰው። ማነው ያሰረው? እሱ ይምጣ» አለኝ። እናቴ ከኋላ ይዛ ጎተተችኝ። «ዋ! ብታስፈቺው ነገ የምታገኚው መጋረጃው ቤት ነው። ያኔ ወዴት ትሄጃለሽ?» እውነቷን ነበር። ሳይፈታ ሊሞት ነው፤ ተፈትቶ ደግሞ ሊጠጣ ነው። ልጄን ለእናቴ አስይዤ ወጣሁ።

ቄስ ታደሰን ያገኘኋቸው በቆሎአቸው መሃል፣ ዝንጀሮ ሲያባርሩ ነው። ነጠላዬ ከገላዬ ተጣብቆ፣ አንዱን ጫማዬን ጭቃው አስቀርቶት ቆምኩና «አባቴ፣ ይፍቱልኝ» አልኳቸው። «አንቺ ልጅ፣ መፍታቱንስ እፈታለሁ። የምፈራው ነገን ነው» አሉ። «እኔ የምፈራው ዛሬን ነው» አልኳቸው። ወንጭፋቸውን ጥለው፣ ቦት ጫማቸውን እንዳደረጉ፣ በአንድ የተሰበረ ጃንጥላ ተጠልለን ወረድን። ሆስፒታል ሲደርሱ ቶሎሳን አላናገሩትም። ከነርስ ደበላ እጅ ጥጡን ተቀበሉ፤ አሸተቱት፤ መስቀል የሚይዙበትን መዳፋቸውን ከላይ እስከታች በስፒሪቱ አሹት። ከዚያ በዚያው እጅ መስቀሉን ግንባሩ ላይ አድርገው «ልጄ፣ መድኃኒት ነው። እኔንም ነክቶኛል። እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉት። ቶሎሳ እጃቸውን አሸተተ፤ ፊታቸውን አየ፤ ሰውነቱ እንደ ረጠበ ጨርቅ ዝልፍልፍ አለ። ሲወጋ አልታገለም። ተኛ።

ከሆስፒታል ስንወጣ ነርስ ደበላ ብዙ አስጠነቀቀኝ፤ ግን የሚመለስበት ቀጠሮ፣ የሚያማክረው ሰው፣ የሚሰበሰብበት ክፍል የሚባል ነገር አልነበረም። ወደ ቤታችን የሚወስደው መንገድ ደግሞ በዚያች በአበባ መጋረጃዋ ቤት በኩል ነው። በመጀመሪያው ቀን እኔ ከኋላው እንደ ሌባ ተከተልኩት። ባሕር ዛፎቹ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ዞር ብሎ አየኝ። «ፈርተሽ ነው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። «እኔም ፈርቻለሁ። ነይ፣ አብረን እንለፍ» አለኝ። አለፍን። ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ከትምህርት ቤት ስወጣ በጋሽ ከማል በረንዳ በኩል እዞራለሁ፤ መኪናውን ይሸፍናል፤ ክንዴን ይይዛል፤ እንደ ሙሽሮች ተያይዘን እናልፋለን። ሰው ፍቅራቸው አያልቅም ይለን ነበር። ቤቷ ፈርሳ ፎቅ ተሠራባት፤ ሰፊው ሱሪ ቀርቶ ጠባቡ መጣ፤ እሱም ቀርቶ ሰፊው ተመለሰ፤ ጋሽ ከማል አረፈ፤ ልጆቹ መደብሩን የስልክ መሸጫ አደረጉት። ቶሎሳ አልቀመሰም። ሌሊሴ አደገች፣ ተማረች፣ እንደኔ አስተማሪ ሆና ኑኑ ቁምባ ወረዳ ተመደበች። እኔ ግን በነዚያ ዓመታት ሁሉ እሱ ትንሽ ባመሸ ቁጥር እበረግግ ነበር። ማንም አላወቀብኝም።

ዘንድሮ ወንድሙ ሞተበት። እንዴት እንደሞተ አልዘረዝርም፤ መንገዱ ደህና አልነበረም፣ ሬሳውንም ሄደን መቅበር አልቻልንም። ለቅሶው ያለ ሬሳ ተቀመጠ። ከድንኳኑ ጀርባ አንዱ መለኪያ ሲያቀብለው አላየሁም። እሱም ደበቀኝ። ሳውቀው በፊቱ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ አልተቆጣሁም፤ ወንድሙን እንኳ ያልቀበረ ሰው ላይ እንዴት ልቆጣ? ልቅሶዬ አስደነገጠውና እንደዚያን ጊዜው በራሱ በአንዴ አቆመ። አቆምኩ ብሎም አልነገረኝም። ትናንት ላብ አጠመቀው፤ ብርድ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ረፋዱ ላይ ከነጠላዬ ጫፍ የሌለ ክር መዝዞ በጣቱ ሲጠቀልል አየሁ። ባጃጅ ጠራሁ፤ ሾፌሩን «ቶሎ በል፣ የኔ ልጅ» አልኩት፤ መጣን። እንግዲህ እዚህ ነን።

ሲስተር ጫልቱ ጥጧን ይዛ ገባች። ሳትቆይ በሩን ከፍታ «አዴ አስካለ፣ እስቲ ይምጡልኝ፤ ኦቦ ቶሎሳ እምቢ ብለዋል» አለችኝ። ገባሁ። እንደ ድሮው አይጮህም። ክንዱን በብብቱ ሸሽጎ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ይንቀጠቀጣል።

«አባ ሌሊሴ፣ መድኃኒት እኮ ነው። ድሮ ተፈትተሃል» አልኩት።

«ተገዝቻለሁ» አለ።

«ቄሱ እኔንም ነክቶኛል እያሉ ፈቱህ እኮ! አጠገብህ ነበርኩ።»

«ኋላ ወደ ቄሱ ተመልሼ ሄድኩ። እኔው ነኝ ለምኜ እንደገና የተገዘትኩት። በራሴ አልችልም፣ እንደዚያው አድርገው በግዝት ይሰሩኝ አልኳቸው። በሷው በሌሊሴ ማልኩ።»

አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ያን ሁሉ ዘመን በእኔ ክንድ የሚያልፍ መስሎኝ! አንዲት ቃል እንኳ ሳይነግረኝ! ልቆጣ ፈለግሁ፤ ግን እያየኝ ነው፤ እንዲያ ሲያየኝ ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም።

«ቄስ ታደሰ ዛሬ የሉም፤ ሌላ ቄስ እናመጣለን» አልኩት።

«ምኑን ሊፈቱት? ጠጥቻለሁ። አፍርሼዋለሁ። አሁን የሚፈታ የለም፣ የሚደርስ እንጂ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መርፌውን ተይው፣ ሃዳ ሌሊሴ፣ የልጄ እናት። በእኔ ይለፍ። እኔ ልሂድበትና እሷ ትትረፍ።»

ሲስተር ጫልቱ ነገሩ ገባት። «ልጅዎ ደህና ናት፣ ኦቦ ቶሎሳ» አለችው። «አንቺ ምን አውቀሽ?» አላት። ስልኬን አወጣሁ፤ ደወልኩ። ከስልኩ ውስጥ ያቺ ሴትዮ ማግኘት አይችሉም አለችኝ። ደግሜ ደወልኩ። አይቻልም። ኑኑ ቁምባ ኔትወርክ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል፤ ይህን በደንብ አውቃለሁ። እኔ በግዝት ልጅ ይሞታል ብዬ የማምን ሴት አይደለሁም፤ ተማሪዎቼን ስንት ነገር አትፈሩ ብያለሁ። ግን አልሸሽጋችሁም፤ ሳላቋርጥ ደጋግሜ ደወልኩ። መንገዱ ታወሰኝ። ወንድሙ ታወሰኝ። ለምን አታነሣም? አርጩሜ እንደፈራ ሕፃን «ያ ዋቃ፣ አምላኬ፣ ያ ዋቃ» እላለሁ። ቶሎሳ ፊቴን እያነበበ ነው፤ ፊቴ የሚለውን አይቶ ዐይኑን ጨፈነ። ሲስተር ጫልቱ የልቡን ምት ይዛ ሰዓቷን ታያለች፤ «ብዙ መጠበቅ አንችልም» አለችኝ በሹክሹክታ።

ስልኩ እጄ ላይ ጮኸ። ከድንጋጤዬ ልጥለው ነበር። ድምፁን ከፍ አድርጌ ወደ እሱ አስጠጋሁት።

«እማዬ? አካም ጂርታ? ምነው ስንቴ ደወልሽ? ኔትወርክ የለም፣ ልጆቹን እያስፈተንኩ ነበር፤ አሁን ጉብታው ላይ ወጥቼ ነው። ምን ሆናችሁ? ኣባስ?»

ቶሎሳ ዐይኑን ገለጠ። «ሌሊሴ» አለ።

«ኣባ! ምነው ድምፅህ?»

«ጠጣሁ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ። ጠጣሁ።»

ወዲያ ማዶ ንፋሱ ይሰማል፤ ከሩቅ የልጆች ጫጫታ አለ። ስለ ግዝቱ የምታውቀው ነገር የለም፤ ሲያስገዝቱት ጣቱን እየጎተተች ትስቅ የነበረች ሕፃን ናት።

«እሺ» አለች በመጨረሻ። «ጠጣህ። እኔ አለሁ አይደል? ቅዳሜ መኪና ካገኘሁ እመጣለሁ። የሚሉህን ስማቸው እሺ? ሰማኸኝ፣ ኣባ?»

«ሰማሁሽ» አላት።

ከዚያ ወደ ሲስተር ጫልቱ ዞረና የሸሚዙን እጅጌ ራሱ ጠቀለለ።